ሰዓቱን ማንበብ፦ የዋና ውድድርንና ታዳጊ ዋናተኞችን መከታተል ለሚፈልግ

በ2025 ሲንጋፖር ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ በሴቶች 200 ሜትር ድብልቅ ቀዘፋ (አራቱም የአዋኛኘት ዓይነቶች በተራ የሚዋኙበት ውድድር) ፍጻሜ አንዲት ልጅ አራተኛ ወጣች። ዩ ዚዲ ትባላለች፤ ቻይናዊት ናት። የገባችበት ሰዓት 2 ደቂቃ ከ9.21 ሰከንድ ነው። ነሐሱን የወሰደችው ካናዳዊቷ ሜሪ ሶፊ ሃርቪ የቀደመቻት በ0.06 ሰከንድ ብቻ ነበር። ዓይን ተጨፍኖ እስኪከፈት እንኳ ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈጃል። የዩ ዚዲ ዕድሜ ያኔ 12 ዓመት ነበር።

እኔም እንደ ብዙው ሰው መጀመሪያ በዕድሜዋ ተደነቅሁ። ቆይቼ ግን ሰዓቱን ማሰብ ጀመርኩ። 2:09.21 ምን ያህል ፈጣን ነው? ከማን ጋር ይነጻጸራል? የትኛው ገንዳ ላይ? በየትኛው ዙር? ዋናን መከታተል የጀመረ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይቸገራል። ውድድሩ አጭር ነው። የዋናተኞቹ ፊት አይታይም፣ ውሃው ይረጫል፣ መጨረሻ ላይ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ብቅ ይላል። ቁጥሩን ማንበብ ያልቻለ ሰው ግማሹን ውድድር አላየውም። ታዳጊዎችን ለመከታተል ደግሞ ይህ የግድ ነው። አብዛኞቹ ታዳጊዎች ገና ሜዳሊያ የላቸውም፤ ያላቸው ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዓት እንዴት እንደሚነበብ ላስረዳ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ገንዳውን እዩ

ኦሊምፒክና ዋናው የዓለም ሻምፒዮና የሚካሄዱት 50 ሜትር ርዝመት ባለው ገንዳ ነው። ከዚህ ሌላ 25 ሜትር ገንዳ አለ፤ የራሱ የዓለም ሻምፒዮናና የራሱ ክብረ ወሰን አለው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ ውድድሮች በብዛት የሚካሄዱት በ25 ያርድ ገንዳ ነው። ይህ ወደ ሜትር ሲቀየር 22.86 ይሆናል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ዋናተኛ በውድድሩ ውስጥ በጣም ፈጣን የሚሆነው ሲዘልና ግድግዳ ረግጦ ሲወነጨፍ ነው። ገንዳው ባጠረ ቁጥር ግድግዳው ይበዛል፤ ግድግዳው ሲበዛ ሰዓቱ ይፈጥናል። በታኅሣሥ 2024 የካይማን ደሴቶቹ ጆርዳን ክሩክስ ቡዳፔስት ላይ በ25 ሜትር ገንዳ 50 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ19.90 ሰከንድ ዋኘ። ከ20 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። በዚያው ዓመት ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ አውስትራሊያዊው ካሜሮን ማኬቮይ በ50 ሜትር ገንዳ ወርቁን የወሰደው በ21.25 ነበር። ርቀቱ ያው 50 ሜትር ነው። የአንድ መታጠፊያ መኖርና አለመኖር ግን ሰዓቱን እንዲህ ያራርቀዋል።

ፈረንሳዊው ሊዮን ማርሻንን ብንወስድ፣ በ2023 በያርድ ገንዳ 400 ድብልቅ ቀዘፋን በ3:28.82 ዋኘ። በዚያው ዓመት ጃፓን ፉኩኦካ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ50 ሜትር ገንዳ 4:02.50 ገብቶ የአሜሪካዊውን የማይክል ፌልፕስን የ2008 ክብረ ወሰን ሰበረ። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ከዓለም ክብረ ወሰን በ34 ሰከንድ የፈጠነ ተዓምር ይመስለዋል። ስለዚህ የአንድ ታዳጊ ሰዓት በየመንደሩ ሲወራ ስትሰሙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ገንዳውን ይሁን።

ሩጫ ለሚከታተል ሰው አንድ ቀላል መለኪያ አለኝ። የዋናውን ርቀት በአራት አባዙት። 100 ሜትር ዋና በሚፈጀው ጊዜም በሚጠይቀው ጉልበትም ከ400 ሜትር ሩጫ ጋር ይቀራረባል። 400 ሜትር ዋና የ1500 ሜትር ሩጫ ወንድም ነው፤ ሁለቱም ለምርጥ ወንዶች ከሦስት ደቂቃ ተኩል ብዙ አይርቁም። 1500 ሜትር ዋና ደግሞ ከ5 ሺህ ሜትር ሩጫ ትንሽ ይረዝማል። ይህን ከያዛችሁ "1500 ሜትር ዋኘ" ሲባል የመካከለኛ ርቀት አይመስላችሁም። አሜሪካዊው ቦቢ ፊንክ ፓሪስ ላይ ክብረ ወሰን ሲሰብር 14:30.67 ፈጅቶበታል። ያ ሁሉ ጊዜ ከአየር 800 ጊዜ ያህል በሚከብድ ነገር ውስጥ እየተገፋ ነው።

የአዋኛኘት ዓይነቶቹ አራት ናቸው፦ ነጻ ቀዘፋ፣ የጀርባ፣ የደረትና የቢራቢሮ። ድብልቅ ቀዘፋ አራቱንም አንድ ሰው የሚዋኝበት ነው፤ በቢራቢሮ ተጀምሮ በጀርባና በደረት አልፎ በነጻ ይጨረሳል። የልጆችን ተስፋ ለማየት ከሁሉም በላይ የምወደው ውድድር ይህ ነው። አንዱ ቀዘፋ ቢደክምም ሌላው ይሸፍነዋል፤ ልጁ ወደፊት ወዴት እንደሚያዘነብልም ያሳያል።

ዙሮቹና መስመሮቹ

እስከ 200 ሜትር ያሉት ውድድሮች ሦስት ደረጃ አላቸው። ከማጣሪያ 16 ሰው ወደ ግማሽ ፍጻሜ ያልፋል፤ ከዚያ 8ቱ ለፍጻሜ። 400 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ግማሽ ፍጻሜ የለም፤ ከማጣሪያው 8ቱ ፈጣኖች በቀጥታ ፍጻሜ ይገባሉ።

መስመር በዕጣ አይሰጥም። ፈጣኑ 4ኛ መስመር ይይዛል፣ ሁለተኛው 5ኛ፣ ሦስተኛው 3ኛ፤ እንዲህ እያለ ወደ ዳር ይሄዳል። ስምንተኛ ሆኖ ያለፈው 8ኛ መስመር ላይ ይቆማል። ለዚህ ነው ካሜራው ሁልጊዜ መሃል ላይ የሚተከለው። ዳር ያሉትን የሚያይ ጥቂት ነው። በቶኪዮ ኦሊምፒክ የወንዶች 400 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ግን ሁሉም ወደ ዳር ዞረ። የ18 ዓመቱ ቱኒዚያዊ አሕመድ ሐፍናዊ ከማጣሪያው ስምንተኛ ሆኖ ነበር ያለፈው። በ8ኛ መስመር ዋኝቶ በ3:43.36 ወርቁን ወሰደ። ያን ቀን ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ፍጻሜ ሳይ መጀመሪያ የማየው የዳር መስመሮቹን ነው። ታዳጊዎቹ ብዙ ጊዜ እዚያ ናቸውና።

በማጣሪያ ላይ የሚታየው ሰዓት የዋናተኛውን ሙሉ አቅም ላያሳይ ይችላል። ስመ ጥሩዎቹ ለማለፍ የሚበቃቸውን ያህል ብቻ ይዋኛሉ፤ ማታ ፍጻሜ አለባቸው፣ ነገም ሌላ ውድድር አለባቸው። ልጆቹ ግን ጠዋትም ያላቸውን ሁሉ ይሰጣሉ፤ ካልሰጡ አያልፉም። ስለዚህ አንድ ታዳጊ ጠዋት ፈጥኖ ማታ ቢዘገይ ፈራ ለማለት አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ጉልበቱ ጠዋት ላይ አልቆ ነው። በአንድ ቀን ሁለቴ መፍጠን ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ በዓመታት ነው የሚመጣው። ማርሻን ፓሪስ ላይ 200 ቢራቢሮንና 200 የደረት ቀዘፋን በአንድ ምሽት፣ በሁለት ሰዓት ልዩነት ውስጥ ሲያሸንፍ ዋናን የሚያውቁ ሰዎች አፋቸውን የያዙት ለዚህ ነው።

የሰከንድ መቶኛዋ ከየት መጣች?

የገንዳው ግድግዳ ላይ ሲነካ ሰዓት የሚያቆም ሰሌዳ ተለጥፏል። ዳኛ በዓይኑ አይፈርድም፤ የዋናተኛው እጅ ራሱ ሰዓቱን ያቆማል። ሰዓቱ የሚያዘው እስከ ሰከንድ አንድ መቶኛ ነው።

በፊት ከዚያም በላይ ይዘረዘር ነበር። በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ የ400 ድብልቅ ቀዘፋ ፍጻሜ ስዊድናዊው ጉናር ላርሰን አሜሪካዊውን ቲም ማኪን በ0.002 ሰከንድ አሸነፈ ተባለ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተመረመረና ሺኛዋ ቀረች። ምክንያቱ አሳማኝ ነው። በአንድ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ፈጣን ዋናተኛ የሚሄደው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የገንዳ ግድግዳ ሲሠራ ከመስመር መስመር የሚኖረው ልዩነት ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ያኔ ያሸነፈው ሰውየው ይሁን ግድግዳው አይታወቅም።

ለዚህ ነው በዋና እኩል መውጣት ያለው። ሪዮ 2016 ላይ አሜሪካዊቷ ሲሞን ማኑኤልና ካናዳዊቷ ፔኒ ኦሌክሲያክ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን እኩል በ52.70 ጨርሰው ሁለቱም ወርቅ ወሰዱ። ኦሌክሲያክ ያኔ 16 ዓመቷ ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ቢራቢሮ ፌልፕስ፣ ቻድ ለ ክሎስና ላስሎ ቼህ ሦስቱም በ51.14 ሁለተኛ ሆኑ። ሦስት ብር ተሰጠ፤ ነሐስ አልነበረም።

ይህን ካወቃችሁ የዩ ዚዲ 0.06 ትክክለኛ መልኳን ትይዛለች። ከሁለት ደቂቃ በላይ በፈጀ ውድድር፣ በዚያ ፍጥነት፣ ከአሥር ሴንቲ ሜትር ብዙ አትበልጥም። የአንድ መዳፍ ርዝመት እንኳ አትሞላም። የመጨረሻዋ ምት ግድግዳው ላይ ከመድረሷ ትንሽ ቀድማ ካለቀች፣ ሌላ ለመቅዘፍ ቦታ ከሌለ፣ ሰውየው ተዘርግቶ ይንሳፈፋል። ያኔ ነው ሜዳሊያ የሚጠፋው። ይህ ደግሞ ከጥንካሬ ይልቅ የልምድ ጉዳይ ነው።

ከውሃ በታች ያለው ውድድር

ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ የሚያሳየን ከላይ ያለውን ነው። ነገር ግን ከመነሻውና ከእያንዳንዱ መታጠፊያ በኋላ ዋናተኛው ውሃ ውስጥ ሆኖ እግሮቹን ገጥሞ እንደ ዶልፊን ይወዛወዛል። የውሃው ገጽ ላይ ሞገድ አለ፤ ሞገድ ደግሞ ጉልበት ይበላል። ጠለቅ ብሎ የሚሄድ ሰው ከዚያ ያመልጣል። ዘዴው በጣም ስለሠራ ገደብ ተጣለበት፦ በነጻ፣ በጀርባና በቢራቢሮ ከ15 ሜትር በፊት ጭንቅላት ከውሃ መውጣት አለበት። በደረት ቀዘፋ ደንቡ ሌላ ነው፤ አንድ የዶልፊን ምት ብቻ ይፈቀዳል።

ታዳጊን ከጎልማሳ የሚለየው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ከላይ ሲዋኙ እኩል ይሄዳሉ፤ ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ጎልማሳው አንድ ሜትር ቀድሞ ብቅ ይላል። ማርሻን ሲታጠፍ ተመልከቱት። ሌሎቹ ወጥተው መቅዘፍ ሲጀምሩ እሱ ገና ታች ነው። ውድድሩ መጨረሻ አካባቢ፣ ሳንባ በሚቃጠልበት ሰዓት፣ አየር ሳይወስዱ ታች መቆየት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት። ስለዚህ አንድን ልጅ ለዓመታት መከታተል ከፈለጋችሁ መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ስንት ሜትር ታች እንደሚቆይ ልብ በሉ። በየዓመቱ ከረዘመ እያደገ ነው፤ ሰዓቱ ገና ባይነግራችሁም።

ሌላው የሚጠቅመው በየ50 ሜትሩ የሚያዘው ሰዓት ነው። በውጤት ወረቀቱ ላይ ከዋናው ሰዓት ጎን ይገኛል። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ፈጥነው ይነሱና መጨረሻ ላይ ይሰበራሉ። ብስለት የሚታየው ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው። ቶኪዮ ላይ በ400 ሜትር ነጻ ቀዘፋ አሜሪካዊቷ ኬቲ ሌዴኪ ለረጅም ጊዜ መርታለች። አውስትራሊያዊቷ አሪያርን ቲትመስ አልደነገጠችም። ጠብቃ ጠብቃ በመጨረሻው 100 ሜትር አለፈቻትና በ3:56.69 አሸነፈች። ውድድሩ እንደዚያ የታቀደ መሆኑን የየ50 ሜትሩ ሰዓት ይመሰክራል።

ሰዓቱ መቼ ተመዘገበ?

ዋናተኞች ዓመቱን ሙሉ ፈጣን አይደሉም። ወራት ያህል ከባድ ልምምድ ይሠራሉ፤ በዚያ ጊዜ ቢወዳደሩም ሰውነታቸው ደክሟል። ከትልቁ ውድድር ሳምንታት ቀደም ብሎ ልምምዱን ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። ሰውነት ያርፋል፣ ጉልበት ይጠራቀማል፣ ሰዓቱ ይወርዳል። ስለዚህ ከመደበኛ ውድድር ላይ የተገኘ ዘገምተኛ ሰዓት ብዙ አያሳስብም። በልምምድ ደክሞ እያለ ፈጣን ሰዓት የሚያስመዘግብ ልጅ ግን ያስገርማል፤ እሱን ምልክት አድርጉበት።

ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በአገር ማጣሪያ አንዴ በዋናው ውድድር፣ ጫፍ ላይ መድረስ ደግሞ ለታላላቆቹም ይከብዳል። አሜሪካ በቡድን ምርጫ ላይ ርኅራኄ የላትም። በአንድ ፍጻሜ ከ1ኛና ከ2ኛ ውጭ የሆነ፣ የዓለም ሻምፒዮንም ቢሆን፣ በዚያ ርቀት ኦሊምፒክ አይሄድም። ለአንድ ውድድር ከአንድ አገር ከሁለት ሰው በላይ አይገባምና። ሌሎች አገሮች ላይ ዋናው ፈተና ሚኒማ፣ ማለትም ለመግባት የሚጠየቀውን ሰዓት፣ ማሟላቱ ነው። ካናዳዊቷ ሰመር ማኪንቶሽ በሰኔ 2025 በአገሯ ማጣሪያ በአምስት ቀን ሦስት የዓለም ክብረ ወሰኖች ሰበረች። በ400 ሜትር ነጻ ቀዘፋ 3:54.18 ነበር የገባችው። ከሳምንታት በኋላ ሲንጋፖር ላይ ያንኑ ርቀት ስታሸንፍ ግን ሰዓቷ 3:56.26 ነበር። አቋሟ አልወረደም። የዓለም ሻምፒዮና ስምንት ቀን ነው፤ እሷ አምስት ርቀት ይዛ ነበር የገባችው። ከዚያ ውስጥ አራት ወርቅና አንድ ነሐስ ይዛ ወጣች።

ስለ ቅብብል አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በቅብብል ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ዋናተኛ የሚመጣውን ሰው እያዩ ቀድመው መወዛወዝ ስለሚጀምሩ መነሻቸው ይፈጥናል፤ ግማሽ ሰከንድና ከዚያ በላይ ይተርፋቸዋል። ቤጂንግ 2008 ላይ አሜሪካዊው ጄሰን ሌዛክ 100 ሜትሩን በ46.06 ዋኝቶ የፈረንሳዩን አሌን በርናርን ሲደርስበት ያ ቁጥር ድንቅ ነበር፤ ግን እንደ ግል ሰዓት አይመዘገብም። የሚመዘገበው የመጀመሪያው ዋናተኛ ሰዓት ብቻ ነው። እሱ እንደ ማንኛውም ሰው ድምፅ ሰምቶ ነው የሚነሳው።

የድሮ ክብረ ወሰኖችን በተመለከተ ደግሞ 2008ንና 2009ን ለየት አድርጋችሁ ያዙ። በእነዚያ ዓመታት ሰውነትን አጥብቀው የሚያንሳፍፉ ልብሶች መጥተው ነበር። በ2009 ሮም ሻምፒዮና ብቻ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ። ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ታገዱ፤ ወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት፣ ሴቶች ከትከሻ እስከ ጉልበት፣ ጨርቅ ብቻ ተባለ። ክብረ ወሰኖቹ ግን አልተሰረዙም። ማኪንቶሽ ሲንጋፖር ላይ 200 ቢራቢሮን በ2:01.99 ስትጨርስ ቻይናዊቷ ሊዩ ዚገ በ2009 ካስመዘገበችው በ0.18 ብቻ ነበር የዘገየችው። ማኪንቶሽ በ2009 ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች።

አሁን ወደ ልጆቹ

ታዳጊ ሴቶች ከወንዶች ቀድመው ወደ ላይ ይወጣሉ። ሰውነታቸው ቀድሞ ይጎለምሳል፤ ቀላልና ቀጭን ሰውነት ደግሞ በተለይ ረዘም ባለ ርቀት ውሃውን በትንሽ ጉልበት ይቆርጣል። ወንዶች ጡንቻና ቁመት የሚያገኙት ዘግይተው ስለሆነ ጫፍ ላይ የሚደርሱትም ዘግይተው ነው። ታሪኩን ብታዩ ይህን ይላል። ዴንማርካዊቷ ኢንገ ሶረንሰን በ1936 በርሊን ላይ በ200 የደረት ቀዘፋ ነሐስ ስትወስድ 12 ዓመቷ ነበር። ጃፓናዊቷ ኪዮኮ ኢዋሳኪ በ1992 ባርሴሎና ላይ በዚያው ርቀት ወርቅ ስትወስድ 14። ሌዴኪ ለንደን 2012 ላይ 800 ሜትርን ስታሸንፍ 15። ከወንዶቹ ፌልፕስ በ15 ዓመቱ ሲድኒ ላይ አምስተኛ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመትም የ200 ቢራቢሮን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሮማኒያዊው ዴቪድ ፖፖቪች በ17 ዓመቱ፣ በ2022፣ በአንድ ሻምፒዮና የ100 እና የ200 ሜትር ነጻ ቀዘፋ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እነዚህ ግን ከወንዶች መካከል ብርቅ ናቸው። ስለዚህ የ15 ዓመት ወንድ ልጅን ከ15 ዓመት ሴት ልጅ ጋር አታወዳድሩ። ፍትሕ አይደለም።

ከማን ጋር እናወዳድር ታዲያ? ከራሱ ጋር። የዛሬ ዓመት በዚህ ርቀት ስንት ገባ? ዘንድሮስ? በተለያየ ርቀት ያሉ ሰዓቶችን ለማነጻጸር ደግሞ የዓለም ዋና ፌዴሬሽን፣ ዎርልድ አኳቲክስ፣ የነጥብ ስሌት አለው። የዓለም ክብረ ወሰንን የሚያህል ሰዓት 1000 ነጥብ ያገኛል። ክብረ ወሰኑ ለዋናተኛው ሰዓት ይካፈልና ውጤቱ ሦስት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ይባዛል፤ ከዚያ በ1000 ይባዛል። ክብረ ወሰኑ 100 ሰከንድ ቢሆንና አንድ ልጅ 101 ቢገባ 970 ያገኛል፤ 105 ቢገባ ግን 863 ላይ ይወርዳል። በዚህ ስሌት የልጁ የደረት ቀዘፋ ከነጻው ይሻላል ወይ የሚለውን በቀላሉ ማየት ይቻላል።

ተስፋ ያላቸውን ልጆች በአንድ ቦታ ለማየት በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና አለ። በ2006 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ነው የጀመረው። እዚያ ያሸነፈ ሁሉ ግን ትልቅ ሰው ሲሆን ያሸንፋል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ የሬገን ስሚዝን ነገር ማንሳት አለብኝ። አሜሪካዊት ናት። በ2019 ደቡብ ኮሪያ ጓንግጁ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ17 ዓመቷ የ200 ጀርባ ቀዘፋን ክብረ ወሰን በ2:03.35 ሰበረች። በዚያው ሻምፒዮና ቅብብሉን ጀማሪ ሆና 57.57 በመግባት የ100 ሜትሩንም ወሰደች። ሁሉም "ቶኪዮ የሷ ነው" አለ። በ2021 የአሜሪካ ማጣሪያ ግን በ200 ጀርባ ሦስተኛ ወጣች፤ ክብረ ወሰን የያዘችበትን ርቀት ቶኪዮ ላይ ሳትዋኝ ቀረች። ቀጥሎ አውስትራሊያዊቷ ኬይሊ ማኪዮን ክብረ ወሰኖቹን ወሰደችባት። በሰኔ 2024 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ግን በ100 ሜትር 57.13 ገብታ ክብረ ወሰኑን መለሰች። ከመጀመሪያው ጊዜ አምስት ዓመት ያህል ቆይታ ማለት ነው። በመሃል ያሉትን ዓመታት በሙሉ "አለቀላት" ሲባል ነበር። ልጅቷ ያኔ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች!

ስሚዝ በ2019 የሰበረችው የ200 ሜትር ክብረ ወሰን የአሜሪካዊቷ የሚሲ ፍራንክሊን ነበር። ፍራንክሊን ለንደን ላይ በ17 ዓመቷ አራት ወርቅ ወሰደች። ሪዮ ላይ በግል ሜዳሊያ አላገኘችም። በ2018 በትከሻ ሕመም ምክንያት በ23 ዓመቷ ዋናን አቆመች። ሊቱዌኒያዊቷ ሩታ ሜይሉቲቴም ለንደን ላይ በ15 ዓመቷ 100 የደረት ቀዘፋን ያሸነፈች ናት። በ2019 መዋኘት አቆመች። ከዚያ ተመለሰችና በ2023 ፉኩኦካ ላይ በ50 እና በ100 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ50 ሜትሩም 29.16 ገብታ ክብረ ወሰን ሰበረች።

እነዚህን ታሪኮች ደጋግሜ የማነሳው የልጆቹ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። በ14 እና በ17 ዓመት መካከል ሰውነት ይለወጣል። ቁመት ይጨምራል፣ ትከሻና ዳሌ ይሰፋል፣ ውሃው ላይ ያለው ሚዛን ይዛባል። ዋናተኛዋ ያንኑ ቀዘፋ በአዲስ ሰውነት እንደገና መማር አለባት። ሰዓቱ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሊቆም ይችላል። ያ ውድቀት አይደለም፤ ዕድገት ነው። ያን ጊዜ ስለ ክብደቷ የሚጽፍ፣ ስለ መልኳ የሚያወራ፣ "ድሮ ነበረች" የሚል ተመልካች ጉዳት ያደርሳል። ልጅ ናት፤ የተጻፈውን ታነባለች። ከማንኛውም የዋና እውቀት በፊት ይህን ብንይዝ ደስ ይለኛል።

የትዕግሥት ዋጋ ደግሞ ይታያል። ስዊድናዊቷ ሳራ ሾስትሮም በ2008 የአውሮፓ ሻምፒዮና በ14 ዓመቷ 100 ቢራቢሮን አሸነፈች። ፓሪስ ላይ 30 ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን ለመዋኘት አላሰበችም፤ 50ው ላይ ብቻ ልታተኩር ነበር። በኋላ ሐሳቧን ለወጠችና ገባች። ሁለቱንም አሸነፈች።

ወደ ዩ ዚዲ ልመለስ። የዎርልድ አኳቲክስ ደንብ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሻምፒዮና የሚገባው ሚኒማ ካሟላ ብቻ ነው ይላል፤ እሷ አሟልታ ነበር። ከሲንጋፖር ባዶ እጇንም አልተመለሰችም። በ4 ጊዜ 200 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ቅብብል ማጣሪያውን ስለዋኘች፣ ቡድኗ ፍጻሜው ላይ ነሐስ ሲያገኝ እሷም ተሸለመች። በሚቀጥሉት ዓመታት ሰዓቷ ቢቆም አትደንግጡ። ቀጣዩ ኦሊምፒክ በ2028 ሎስ አንጀለስ ነው። ገንዳው የሚተከለው በሶፋይ ስታዲየም ውስጥ ነው። የጀርባ፣ የደረትና የቢራቢሮ 50 ሜትር ለመጀመሪያ ጊዜ ይገባሉ፤ ዋናውም ከአትሌቲክስ ጋር ቦታ ተቀያይሮ ወደ ሁለተኛው ሳምንት ተዛውሯል። ያኔ ማኪንቶሽ 21 ዓመቷ ይሆናል። ዩ ዚዲ ደግሞ 15፤ ሌዴኪ ለንደን ላይ በነበረችበት ዕድሜ።